የሦስት ዘመቻ ወታደር ሜዳሊያዎች፦ መለየት፣ ማጽዳትና በፍሬም ማዘጋጀት

የሻለቃው ቤት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮሪያ፣ ኮንጎና ኦጋዴን ዘምተው በሻለቃ ማዕረግ ጡረታ የወጡ የክብር ዘበኛ መኮንን ሜዳሊያዎች በፍሬም ገብተው ሳሎን ሊሰቀሉ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦ ጀርባው ላይ አማርኛ የተጻፈበት የተባበሩት መንግሥታት የነሐስ ሜዳሊያ፣ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ፤ ሌላ የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ፣ ጀርባው እንግሊዝኛ፣ ሪባን የሌለው፤ ወረቀቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ የጦር ሜዳይ የሚለው አንድ፤ ጫፉ ላይ ኢናሜሉ (እንደ መስታወት ያለው ባለ ቀለም ሽፋኑ) የተሸረፈ ኒሻን፣ ሪባኑ ላይ ትንሽ ክብ የጨርቅ አበባ የተሰፋበት፤ የ1948ቱ የኢዮቤልዩ ሜዳይ፤ ቀይ ኮከብ ያለበት የደርግ ዘመን አንድ። ሁለት የምስክር ወረቀትና አራት ጥቁርና ነጭ ፎቶም አለ።

የቤተሰቡ ሐሳብ ሁሉንም በብራሶ (በብረት ማብሪያ ፈሳሽ) አብርቶ ቀይ ከፈይ ላይ መለጠፍ ነው። ትክክል ነው? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ይሁን?

ነሐስና ብር
ብራሶውን ከክፍሉ አውጡት። ውስጡ አሞኒያና የሚፍቅ ዱቄት አለ። አሞኒያው ነሐስና ናስ ይበላል፤ ዱቄቱ ደግሞ የፊደሎቹን ጠርዝ ይሞርዳል። የኢዮቤልዩው ወርቃማ መልክ ስስ ቅብ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታሽ ታችኛው ብረት ብቅ ይላል፤ ያ አይመለስም። በየፊደሉ ሥር የሚቀረው ነጭ ቅሪት ደግሞ እርጥበት እየሳበ ቆይቶ አረንጓዴ ዝገት ይጀምራል። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያዎች ሲሰጡም ጠቆር ያለ የነሐስ መልክ ነበራቸው፤ እንደ መስተዋት የሚያበራ ከሆነ ተፍቋል ማለት ነው።

ከማንኛውም ሥራ በፊት መዝግቡ። እያንዳንዱን ፊትና ጀርባ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ ከቀን ብርሃን በቀጥታ ሳይሆን ከመስኮት በጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሱ። የጎን ብርሃን የተፋቀ ጽሑፍን ያስነብባል። ዲያሜትሩን በሚሊሜትር፣ ክብደቱን እስከ 0.1 ግራም በሚለካ ሚዛን ጻፉ። ጠርዙን ዙሪያውን በአጉሊ መነጽር እዩ፦ ስም፣ ቁጥር፣ የሠሪ ምልክት ካለ እዚያ ወይም ጀርባው ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ሜዳሊያዎች ጀርባ የአዲስ አበባው ጌጣጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን ስም ቢገኝ አትደነቁ፤ ብዙዎቹን ያዘጋጀው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት መሰል መስመር፣ ፊቱ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎችና የደበዘዙ ፊደሎች ካያችሁ ግን ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰ ቅጂ ነው።

ማጽዳት ማለት አቧራ ማራገፍ ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ጓንት፣ በቃ። የተጣበቀ ቅባት ካለ በተጣራ ውሃ የረጠበ ጥጥ፣ ወዲያው በደረቅ ማድረቅ፤ ውሃው ሪባኑንም ኢናሜሉንም እንዳይነካ። የተጣራ ውሃ ከባትሪ ዕቃ ሻጭ የምትገዙ ከሆነ ዕቃው ላይ ያለውን አንብቡ፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ በተመሳሳይ ጀሪካን አሲድም ይሸጣል።

ቃኘው ሠፈር
መለየቱን እኔ ልያዝ።

አማርኛ የተጻፈበት የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ይህ ሜዳሊያ በተቀባዮቹ አገር ቋንቋ ስለተሠራ በአማርኛ የተሠራም አለው፤ ሪባኑ ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ ዘንግም የኮሪያን ስም ይዛ በአማርኛ ናት። መስመሮቹን ቁጠሩ፦ 17 መሆን አለባቸው፣ 9 ፈዛዛ ሰማያዊና 8 ነጭ፣ ዳርና ዳር ሰማያዊ። ቁጥሩ ካነሰ ሪባኑ ተቀይሯል።

የሚያስገኘው የአገልግሎት ጊዜ ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ነው። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ስለሆነ ውጊያ ካበቃ በኋላ የደረሱም ይካተታሉ። ስለዚህ ሜዳሊያው ብቻውን «ተዋግተዋል» ለማለት አይበቃም፤ የትኛው ቃኘው (ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር) እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ቃኘው (አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርገቱ) በ1943 ሄዶ በ1944 ተመለሰ፤ ሁለተኛው (ሌ/ኮ አስፋው እንዳርጌ) 1944–45፤ ሦስተኛው (ሌ/ኮ ወልደ ዮሐንስ ሽታ) 1945–46።

እንግሊዝኛው የኮንጎ ይመስላል፤ ጀርባው «በሰላም አገልግሎት» የሚል ትርጉም ያለው አጭር ጽሑፍ ከሆነ ነው። የሪባኑ ነገር ግን ወጥመድ አለው። በመጀመሪያ ለኮንጎ የተሰጠው በመካከለኛው ምሥራቅ ታዛቢዎች ሪባን ነበር፦ ሰማያዊ፣ ወደ ዳርና ዳሩ ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመር ያለው፣ ላዩ ላይ የኮንጎን ስም የያዘ ዘንግ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ለኮንጎ የራሱ ሪባን ወጣለት፦ መሃሉ ሰፊ አረንጓዴ፣ ሁለት ቀጭን ነጭ፣ ዳሮቹ ሰማያዊ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሁለቱም ጥቁር ሪባን ሁለት ነጭ መስመር ያለው ሆነው ነው የሚታዩት። የሚለያቸው ዘንጉ ነው። ፎቶው ላይ ደረታቸውን አጉሉና እዩ።

ክብ አበባው አይጣል! የኒሻን ደረጃ የሚለየው በእሱ ነው። ባለ አምስት ደረጃ ኒሻን ላይ የታችኛው ሻቫሊዬ አበባ የለውም፤ ኦፊሲዬ አለው፤ ኮማንደር በአንገት ይንጠለጠላል። ሪባን ስትቀይሩ አበባውን ብትረሱ ሰውየውን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረጋችኋቸው።

የሻለቃው ቤት
በጣም አመሰግናለሁ። 17ቱ መስመር ትክክል ነው። ኮንጎ ላይ ዘንግ ፎቶው ውስጥ ይታያል፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን የለም። አንድ ሌላ ግራ የገባን ነገር አለ። አንዱ የምስክር ወረቀት 1944 ይላል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈው 1952። ቤተሰቡ ሁለተኛው የኮንጎ ነው ብሎ ነው ያሰበው፣ ኮንጎ የተዘመተው 1952 ነው ስለሚባል። ፎቶ ላይ ደግሞ ትከሻቸው ላይ የጥዋ ቅርጽ ያለው ክብ ምልክት አለ።

መዝገብ ቤት
ሁለቱም የኮሪያ ይመስላሉ፣ የአንድ ዓመት ወረቀቶች። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የፈረንጅ 1952 ከሆነ በእኛ 1944 ነው (ከመስከረም በኋላ ከተጻፈ 1945)። ኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር የገባው ሐምሌ 1952 በእኛ፣ በእነሱ 1960 ነው። ይህች «1952» የምትባል ቁጥር በኮሪያና በኮንጎ መካከል ብዙ ቤተሰብ ታሳስታለች፤ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አንድ ዘመቻ ሙሉ ይዘለላል ወይም ይደገማል።

ማስሊያው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8። ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ወረቀቱ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፈ በቋንቋው ብቻ አትወስኑ፤ ፈራሚው ማን ነው፣ ምን ማዕረግ ላይ ነበር፣ ክፍሉ የማን ነው ብላችሁ አጣሩ።

«ጥዋ» ያላችሁት ቀይ ክብ ላይ ያለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው፣ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት። ቃኘው በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር የተመደበው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው አይለየውም። ያ ፎቶ እንግዲህ የኮሪያ ነው ወይም ከኮሪያ እንደተመለሱ የተነሣ።

የአገልግሎት ዘመኑን ሙሉ ለማግኘት የጡረታ ማኅደሩ ቀዳሚ ነው፤ የተቀጠሩበትና የተሰናበቱበት ቀን እዚያ አለ። ቀጥሎ የዘመኑ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ በቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ጥራዞቹ አሉ፤ ሹመትና ሽልማት ስም በስም ይወጣ ነበር። ቀኑን ሳታውቁ ሄዳችሁ ጥራዝ አትገልብጡ። መጀመሪያ ከምስክር ወረቀቱ ወሩን አውጡ፣ ከዚያ የዚያን ወርና የሚቀጥለውን ብቻ ጠይቁ። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርም ለቃኘው ጥያቄ ትክክለኛው በር ነው። ስትሄዱ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የወታደር መለያ ቁጥር ካለ፣ እና በዚያን ጊዜ የነበራቸውን ማዕረግ ያዙ። በኮሪያ ጊዜ አሥር አለቃ የነበረን ሰው «ሻለቃ እገሌ» ብሎ የሚፈልግ አያገኝም።

ድምቀት
ይቅርታ አድርጉልኝና ወታደር ሜዳሊያውን ወልውሎ ነው ሰልፍ የሚወጣው። የጠቆረ ብረት ግድግዳ ላይ መስቀል ክብር ነው?

ነሐስና ብር
የሚለብሰው ወታደር በራሱ ሜዳሊያ ላይ ያሻውን ያድርግ፤ ቢያልቅበትም ምትክ የሚጠይቅበት መሥሪያ ቤት አለው። የእነዚህ ምትክ ሰጪ መንግሥታት ግን ሁለቱ አልፈዋል። ደግሞም መልኩን ከመፋቅ በተሻለ የሚያድሰው መብራቱ ነው፦ ከላይ በ45 ዲግሪ የሚመጣ አንድ የኤልኢዲ መብራት የጠቆረ ነሐስ ላይ ያለውን ቅርጽ አጉልቶ ያወጣል።

ብር የሆነው ከጠቆረ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በደረቅ ለስላሳ ጥጥ ቀስ ብሎ ማሸት ይቻላል፣ ዱቄት ሳይጨመር።

አረንጓዴ ነገር ካለ ሁለቱን ለዩ። ጠንካራ፣ ለስላሳና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ሽፋን ዕድሜ ነው፤ ተዉት። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ በጥፍር ሲነካ ዱቄት የሚሆን ግን በሽታ ነው፤ ከጨው የሚነሣ ሲሆን እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይቀጥላል። በእንጨት የጥርስ መፋቂያ አራግፉት፣ ደረቅ ቦታ ለብቻው አስቀምጡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዩ። ተመልሶ ከመጣ ፍሬም ውስጥ አይገባም፣ የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይየው። ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ እንደ ሰም የሚለጠፍ አረንጓዴ፣ ቆዳ ወይም ላስቲክ ከነካበት ቦታ ላይ ብቻ። እሱ በጥጥ ጫፍ በአሴቶን ይለቃል፣ ኢናሜል በሌለበት ሜዳሊያ ላይ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት።

መርፌ በክር
ስለ ሪባን ማንም ሳይናገር ወደ ፍሬም እንዳትሄዱ። የድሮው ሐር ነው፣ ታጥፎ የኖረበት መስመር ላይ ተሰንጥቋል፤ ስታቀኑት ይበጠሳል። አይታጠብም፣ አይተኮስም። የሰማያዊና ነጩ ሪባን ውሃ ከነካው ሰማያዊው ወደ ነጩ ይሮጣል። አቧራውን ስስ ሻሽ አልብሳችሁ በቫኪዩም ዝቅተኛ ኃይል ከ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሳቡት።

ሙጫ የሚባል ነገር የለም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በብረቱ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል፣ ሐሩንም እንደ ሸምበቆ ያደርቀዋል። የሙቅ ሙጫ ዱላም ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ይለቅና ሜዳሊያው መስታወቱ ላይ ይወድቃል፤ ኢናሜል ያለው አንዴ ከወደቀ አለቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መደቡን (ሜዳሊያዎቹ የሚያርፉበትን የኋላ ሰሌዳ) በአቡጀዲ ሸፍኑ፣ ያልተነከረ፣ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ የወጣለት። ቀይ ከፈዩን ብትተዉት ይሻላል፤ ቀለሙ ይለቃል። ሱፍ የሆነ ጨርቅ ደግሞ ድኝ ስላለው ብሩን ያጠቁራል። ለእያንዳንዱ ሜዳሊያ ከመደቡ በስተጀርባ በሚያልፍ የጥጥ ክር ሁለት ቦታ ያዙ፦ አንዱ ከላይኛው ቀለበት፣ አንዱ ከታች በኩል በጠርዙ ላይ። ክሩ የሜዳሊያውን ክብደት ይሸከማል፣ ሪባኑ ያለ ጭነት ላዩ ላይ ይተኛል። መርፌ ሪባኑን አይወጋም። የተሰነጠቀ ሪባን ከሥሩ በተመሳሳይ ስፋት የተቆረጠ ስስ ጥጥ ይደገፋል።

ለኮንጎው አዲስ ሪባን ካስፈለገ ስፋቱ 35 ሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ፤ የእንግሊዞቹ 32 ስለሆነ በስህተት ያ ይመጣል፣ ተንጠልጣዩ ላይም ይላላል። 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የትኛው ሪባን እንደሚሆን ከፎቶው ታውቋል፦ ዘንግ ስለነበረው ሰማያዊው ነው። መልክ ላይ ያምራል ብላችሁ አረንጓዴውን እንዳትገዙ።

ፍሬም ሠሪው
የተለመደ የፎቶ ፍሬም አይሆንም። ከመስታወቱ ጀርባ እስከ መደቡ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር፣ ኢናሜሉ ኒሻን ጎበጥ ያለ ከሆነ 30። መስታወቱ ምንም መንካት የለበትም። ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ የነካው ቦታ ክብ ምልክት ይሆናል።

ኤምዲኤፍም ኮምፖርሳቶም (በሙጫ የተጨመቁ የእንጨት ሰሌዳዎች) በሙጫቸው ምክንያት አሲዳማ ትነት ያወጣሉ። ዝግ ሣጥን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ትነቱ መውጫ የለውም። አማራጭ ከሌለ ውስጡን በሙሉ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ጭምር፣ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑና መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ፕላስተር ያዙ። የእንጨቱ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ ቢያንስ አራት ሳምንት ተከፍቶ ይቆይ። ሽታው እስካለ ድረስ አትዝጉት።

ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ከመስታወት ይመረጣል የሚሉ አሉ፣ ስለማይሰበር። እኔ ለሜዳሊያ መስታወት ነው የማምነው፤ ፕላስቲኩ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና የተሰነጠቀውን ሐር ክሮች ወደ ራሱ ይስባል።

ስድስቱም በአንድ ረድፍ ከገቡ 35 ሚሊሜትር ሪባን ሲባዛ በስድስት 210 ነው፤ በመካከል 15፣ ዳርና ዳር 50 ስጡ፣ ውስጡ ወደ 385 ሚሊሜትር ስፋት ይመጣል። ለጽሑፍና ለአንድ ፎቶ ቦታ ከታች ጨምሩና ቁመቱን 400 አድርጉት። ጀርባው በብሎን ይዘጋ፣ በሚስማር አይደለም። ውስጡ የሚቀመጠውን ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ለመቀየር ይከፈታል።

ቃኘው ሠፈር
ቅደም ተከተል፣ ከተመልካቹ ግራ ወደ ቀኝ፦ መጀመሪያ ኒሻኑ፣ ቀጥሎ የቅዱስ ጊዮርጊሱ፣ ከዚያ ባለ ቀይ ኮከቡ፣ ኢዮቤልዩው፣ ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት ሁለቱ፣ ኮሪያ ከኮንጎ በፊት። መርሁ የአገር ሽልማት ከውጭ ይቀድማል፣ የጀብዱ ሜዳይ ከመታሰቢያ ሜዳይ ይቀድማል ነው። ኢዮቤልዩው የዘውዱን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተሰጠ ስለሆነ ከጦር ሜዳው በኋላ ይሆናል።

ባለ ዘውዱና ባለ ቀይ ኮከቡ ጎን ለጎን መቀመጣቸው የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አሉ፤ አንዱን መሳቢያ ውስጥ ይተዋሉ። ይህን አታድርጉ። ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ምሥራቅ ግንባር የነበረ ሰው በማን አገዛዝ ተሸለመ ተብሎ ግማሽ አገልግሎቱ አይቆረጥም።

የሻለቃው ቤት
ሁለት ጥያቄ ቀረ። ከደቡብ ኮሪያ መንግሥት በስተኋላ የተሰጣቸው የሰላም አምባሳደር ሜዳሊያ ነበር፣ ጠፍቷል። ተመሳሳዩን ገዝቶ ማስገባት ይቻላል? ደግሞ አንድ ልጅ ውጭ አገር ስለሚኖር ፍሬሙ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

መዝገብ ቤት
እሱ ለቀድሞ ዘማቾች ምስጋና የሚሰጥ ነው፣ የጀብዱ አይደለም፤ ኖሮም ቢሆን ከስድስቱ ረድፍ ውጭ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ቅጅ ማስገባት ይቻላል፣ ሥሩ ላይ «ቅጅ» ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ፤ ፍሬሙ ጀርባ ላይም ይደገም። የፊቱ ጽሑፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይለቃል፣ ቅጁ ግን ይቀራል።

ወደ ውጭ ስለመላክ፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። የግል ሜዳሊያ ነው ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተት በፊት የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ጠይቃችሁ ወረቀት ያዙ፣ ያነሣችሁትን ፎቶና የክብደት ዝርዝር አቅርቡ። ኤርፖርት ላይ የሚያስረዳችሁ እሱ ነው።

ጽሑፉን አጭር አድርጉት። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ሻለቃ ——። የክብር ዘበኛ። ኮሪያ፣ ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ፣ 1944–45 ዓ.ም.፣ በአሥር አለቃ ማዕረግ። ኮንጎ፣ ከ—— እስከ —— ዓ.ም.፣ በምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ። ምሥራቅ ግንባር፣ 1969–70 ዓ.ም.። በሻለቃ ማዕረግ በ—— ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።»

«ዓ.ም.» ሁልጊዜ ይጻፍ፣ የፈረንጁ ሲሆን «እ.ኤ.አ.»። ማስረጃ የሌለውን ቀን ክፍት ተዉት፣ በግምት አትሙሉ። «ጀግና»፣ «ወደር የለሽ» የሚሉ ቃላት የሽልማት ወረቀቱ ላይ ከሌሉ አይግቡ፤ በደርግ ጊዜ እነዚህ የሜዳይ ስም ውስጥ የሚገቡ ቃላት ስለነበሩ አንባቢ ያላገኙትን ሽልማት እንዳገኙ ሊወስድ ይችላል። ፊደሉ 20 ነጥብ ይሁን፣ አንድ ሜትር ላይ ይነበባል። በሌዘር ማተሚያ ይታተም፤ ርካሽ የኢንክጄት ቀለም ብርሃን ላይ ይነጣል።

ዋናው የምስክር ወረቀትና ዋናው ፎቶ ፍሬም ውስጥ አይገቡም። ስካን አድርጋችሁ በ600 ዲፒአይ፣ ቅጁን ስቀሉ። ዋናው ተኝቶ፣ ሳይታጠፍ፣ ከአሲድ ነፃ ወረቀት መካከል ይቀመጥ። ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙቀቱ ማኅተሙን ያቀልጠዋል፣ ተመልሶም አይላጥም። የተቀደደው ላይ ስኮች አትለጥፉ።

ነሐስና ብር
ለቀሩት ዕቃዎች ላስቲክ ስትመርጡ ፒቪሲ (ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ) እንዳይሆን። መለያው፦ የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ አግላችሁ ላስቲኩን አስነኩና መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አግቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ጣሉት። ደጅ ላይ ይሠራ፣ ጭሱ አይሸተት።

የሻለቃው ቤት
አቡጀዲው ታጥቧል፣ ብራሶው ተመልሷል። የመጨረሻ፦ የት ይሰቀል? ያለው ባዶ ግድግዳ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ነው።

ፍሬም ሠሪው
እዚያ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ ሰማያዊው ሪባን በጥቂት ዓመት ግራጫ ይሆናል፣ የደረሰበትም አይመለስም። የውጭ ግድግዳም አይሁን፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ከጀርባ ይመጣል። የውስጥ ግድግዳ፣ ከወጥ ቤት በርና ከዕጣን ማጨሻው የራቀ። ሁለት ብሎን በፊሸር፣ አንድ ሚስማር አይደለም፤ በአንድ ነጥብ የተሰቀለ በር ሲዘጋ ሁሉ ይወዛወዛል፣ ክሮቹም ይበላሉ። ከጀርባው አራቱም ማዕዘን ላይ 5 ሚሊሜትር የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ይለፍ። ሲሊካ ጄሉን መስከረም ላይ ክረምቱ እንዳበቃ ክፈቱና በ110 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት አድርቃችሁ መልሱ፤ ከረጢቱ ፕላስቲክ ከሆነ ፍሬዎቹን አውጥታችሁ በትሪ።